ቀብድና ቀሪ

ወጣቶች ሆይ፤ ስለ ታላላቅ ነገር የሚጽፉ ብዙዎች ናቸውና እኔ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልጽፍላችሁ ፈቀድሁ። ይኸውም ባለ እጅ የድካሙን ዋጋ ከባለቤት እንዴት እንደሚቀበል ነው። ነገሩ ለዐይን ቢያንስም፣ በከተሞቻችን ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቀያይም፣ ሐሰትንም ልማድ የሚያደርግ እርሱ ስለ ሆነ ሂስ ይገባዋል። የማስተማር ዘመኔን የፈጸምሁት በወልቂጤና በቡታጅራ ነውና ምስክሬን ከነዚሁ ከተሞች አመጣለሁ። ወልቂጤ በጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ ዛሬ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ቢሆኑም፣ በዚህ ነገር ልማዳቸው አንድ ነው።

ልማዱን ሁላችን እናውቀዋለን። አናጢው ወይም በያጁ ዋጋውን ይናገራል፤ ባለቤቱ ይከራከራል፤ በመጨረሻም «ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ሲያልቅ» ተባብለው ይለያያሉ። ጽሑፍ የለም፤ ቀኑም አይቆረጥም። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ «ባለ እጅ ሁሉ ውሸታም ነው» ይላል፤ ባለ እጁም «ባለቤት ሁሉ ቀሪ ይበላል» ይላል። እኔም ብዙ ዘመን የባለቤቱን ወገን ይዤ ስፈርድ ኖርሁ።

በ2017 ዓ.ም. ለወልቂጤው ቤቴ የብረት በር ላሠራ ከአንድ በያጅ ጋር በ24,000 ብር ተስማማሁ፤ እንደ ልማዱም 12,000 ብር ቀብድ ሰጠሁት። በዐሥር ቀን ይደርሳል የተባለው በር ዛሬ ነገ ሲባል ሁለት ወር ቆየ። ተቈጥቼ ከመሥሪያ ቤቱ ብሄድ፣ የእኔ በር ፍሬሙ ብቻ ከግድግዳ ተደግፎ፣ ሰውየው የሌላ ሰው መስኮት ሲበይድ አገኘሁት። «የእኔን ገንዘብ ለሰው መስኮት አዋልኸው?» አልሁት። እርሱም ጠመኔ አነሣና በላሜራው ላይ ይጽፍ ጀመር። «ጋሼ፣ እርስዎ መምህር ነዎት፤ ይህን ሒሳብ ያርሙልኝ። ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ ቁልፉና ቀለሙ 17,000 ብር ይፈጃል። የእጄ ዋጋ 7,000 ብር ነው። እርስዎ የሰጡኝ 12,000 ብር ነው። የጎደለውን 5,000 ብር ከማን ላምጣ?» አለኝ።

ከማን እንደሚያመጣ ተናገረ፤ ከሚቀጥለው ደንበኛ ቀብድ ነው። የዚያን ሰው ጉድለት ደግሞ ከሦስተኛው ቀብድ ይሞላል። ሒሳቡን አረምሁ፤ ስሕተት ግን አላገኘሁበትም። ስሕተቱ ያለው ከሒሳቡ በፊት፣ «ግማሽ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ግማሹ ለዕቃው አይበቃም፤ ስለዚህ ሥራው ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባለ እጁ ባለ ዕዳ ነው። ይህም ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ በሚመጣ ብረት የሚሠራ ሰው ዕቃውን በዕለቱ ካልገዛ፣ በወሩ በዚያው ዋጋ ላያገኘው ይችላል።

ይህን ስል በያጁን ንጹሕ ማድረጌ አይደለም። ገንዘቡ እንደማይበቃ እያወቀ «በዐሥር ቀን» ማለቱ ሐሰት ነው። እውነቱን በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ ኖሮ፣ ወይ የጎደለውን እሞላ ነበር፣ ወይ ሌላ በያጅ እፈልግ ነበር። ደንበኛ እንዳያመልጥ ተብሎ የሚነገር ሐሰት፣ ደንበኛውን ከነስሙ ያሳጣል።

ቀብድ ራሱ ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ድረስ ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል፤ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ዕጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ በሕጉ ዐይን ቀብድ የቃል መያዣ ነው እንጂ የላሜራ መግዣ አይደለም። እኛ ግን የቃሉን መያዣና የዕቃውን መግዣ በአንድ ስም ጠርተን ቀላቀልናቸው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ሲጠፋ ቃሉም አብሮት ይጠፋል።

አሁን ወደ ባለቤቱ ጥፋት ልመለስ፤ እርሱ ሥሩ የቆየ ነው። በጉራጌ አገር የሣር ቤት የሚቆመው በመካከለኛው ምሰሶ ነው። ያን ምሰሶ ይጠርቡ የነበሩት እንጨት ሠራተኞች ግን መሬት ተከልክለው፣ በንቀት ስም ይጠሩ ነበር፤ ለድካማቸውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት ምግብ ነበር። ንቀቱ በአንድ አገር ብቻ አልነበረም፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ አሳቡ ግን በቀሪው ሒሳብ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። የተሠራለት ሰው ቀሪውን ሲከፍል እንደ ለጋስ፣ የሠራውም ሲጠይቅ እንደ ለማኝ ይቈጠራል።

ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰምቼ አይደለም። ከበያጁ ሒሳብ ከተማርሁ በኋላ እንኳ፣ በቡታጅራ ለተዳረች ልጄ ቁም ሣጥን አሠራሁ። አናጢው በቀኑ አደረሰ። ነገር ግን አንዱ መዝጊያ ጥቂት ይይዝ ነበርና፣ «እስኪስተካከል» ብዬ 1,500 ብር አስቀረሁበት። ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንግዳ አለብኝ እያልሁ «ነገ» አልሁት። በሦስተኛው ጊዜ ገንዘቡን ሳይጠይቅ መዝጊያውን ነቅሎ ያስተካክል ጀመር። የያዘው መላጊያ የእርሱ እንዳልሆነ አየሁና «ያንተስ የት ሄደ?» አልሁት። «ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ሥራ እንጨት መግዣ ብር ቢያጥረኝ አስይዤው ነው» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ገንዘቡን እዚያው ቆሜ በቴሌብር ላክሁለት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያ ስልክ ግን አርባ ቀን ሙሉ በኪሴ ነበረ። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ የሠራተኛ ዋጋ ከአሠሪው ዘንድ እንዳያድር የሚያዘውን የሙሴን ሕግ በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬያለሁ። ያን ቀን ግን መጋዝና መላጊያ የያዘ ሰው ትምህርቴን መልሶ አስተማረኝ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ አንዳንዱ ነገ ባለ እጅ፣ አንዳንዱም ባለቤት ይሆናል። ለሁለታችሁም የምመክረው ይህ ነው። ዕቃውንና የእጅን ዋጋ ለየብቻ ቍጠሩ። የዕቃውን ዋጋ ባለቤቱ ሙሉውን በመጀመሪያ ይክፈል፤ ወይም ከባለ እጁ ጋር ሄዶ ራሱ ይግዛ። የእጁን ዋጋ ደግሞ ሥራው ባለቀበት ቀን ሳያሳድር ይስጥ። ጉድለት ቢገኝ፣ ምን ያህል እንደሚቀነስ ወይም መቼ እንደሚታረም እዚያው በስምምነት ይቆረጥ። ዋጋውና ቀኑ፣ የተሰጠውም ብር ቀብድ ይሁን የዕቃ መግዣ፣ ከደብተር በተቀደደች ወረቀትም ቢሆን ይጻፍና ሁለቱ ይፈርሙበት። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የምንገለገልበት ቴሌብር ቀኑንና ልኩን መዝግቦ ስለሚያስቀር ይረዳል፤ ነገር ግን ተቀባዩ የከፋዩን መልእክት አይቶ አይመን፤ በራሱ ስልክ ቀሪ ሒሳቡን ይመልከት።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይላሉ አባቶቻችን። ሥራውን የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ የዚያ ሥራ ዋጋ በኪሳችን ሲያድር ግን የሠሪው ቤት እንዴት እንደሚያድር እኛም ማወቅ ይገባናል። ያ አናጢ መላጊያውን ማስለቀቁን ሰምቻለሁ። የልጄ ቁም ሣጥን መዝጊያ ዛሬ ያለ ድምፅ ይከፈታል፤ በከፈትሁት ቍጥር ግን አርባው ቀን ትዝ ይለኛል።