«ፒዲኤፍ አድርገህ ላክልኝ» ግማሽ መልስ ነው

እንበልና ዲክሲስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ሊያከራይ ነው። ልጁ ውሉን በላፕቶፑ፣ በዎርድ ጻፈለት። ሁሉም ነገር አንድ ገጽ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ከታች ሁለት የመፈረሚያ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ለአከራይና ለተከራይ፣ ሌላው ለሦስት ምስክሮች። ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ላከው። እዚያ ሲታተም ግን ውሉ ሁለት ገጽ ሆኖ ወጣ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው የፊርማ ቦታ ብቻ ነው። እስኪ አስቡት፦ አምስት ሰው የፈረመበት፣ ስለምን እንደተፈረመ ግን አንድም ቃል የሌለበት ወረቀት። ተንኮለኛ ሰው እጅ ከገባ ሌላ የመጀመሪያ ገጽ ሊያያይዝበት ይችላል።

ይህን ችግር ለማንም ብትነግሩት የምታገኙት ምክር አንድ ነው፦ «ፒዲኤፍ አድርገህ ላክልኝ»። ምክሩ ስህተት አይደለም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ግማሹን ሙሉ አድርገን ስለወሰድነው ደግሞ ሌላ ችግር ፈጥሮብናል። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ፣ ውሉ ለምን ተለወጠ? ዎርድ ፋይል ውስጥ ተስሎ ያለቀ ገጽ የለም። ያለው ጽሑፉና «ይህን በኒያላ ፎንት፣ በ12 ነጥብ ጻፍ» የሚል ዓይነት መመሪያ ነው። ገጹን የሚሠራው ፋይሉን የከፈተው ማሽን ነው። ማሽኑ የእያንዳንዱን ፊደል ስፋት ከፎንቱ ውስጥ እያነበበ ይደምራል፤ ድምሩ ከመስመሩ ስፋት ሲያልፍ ቃሉን ወደ ታች ያወርደዋል። የተባለው ፎንት ከሌለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይነግራችሁ ሌላ ይተካበታል።

ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን በተጨማሪነት የሚጫን እንጂ ሁልጊዜ አብሮ የሚገኝ አይደለም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ለግዕዝ ፊደል የተለመደው ኖቶ የሚባለው ነው። ተተኪው ፎንት በአማካይ 5 በመቶ ብቻ ሰፋ ቢል፣ 40 መስመር የነበረው ጽሑፍ ወደ 42 መስመር ይጠጋል። ገጹ የሚይዘው 40 ብቻ ከሆነስ? ሁለቱ የፊርማ መስመሮች ይወድቃሉ ማለት ነው።

ወረቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። ኤ4 ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ሌተር ደግሞ 279 ገደማ። ፕሮግራሙ በሌተር ተስተካክሎ ከሆነ የ18 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። በ12 ነጥብ ጽሑፍ ይህ ሦስት መስመር ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለውላችን ግን ከበቂ በላይ ነው።

አርሲ ውስጥ ይህ ነገር በደንብ ይታያል። አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን የተጻፉበትን ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፤ አፋን ኦሮሞው ሳይነካ አማርኛው ሊበላሽ ይችላል። ምክንያቱ ቋንቋው አይደለም። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የላቲን ፎንት ደግሞ የሌለበት ማሽን ስለሌለ ነው። የእኛ ፊደል ግን ረጅም መንገድ መጥቷል። 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። የድሮዎቹ ፎንቶች ደግሞ በአንድ ባይት የሚሠሩ ስለነበሩ ቦታቸው ቢበዛ 256 ነው። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎች የላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዙን ፊደላት አስቀመጡ፤ ያውም እያንዳንዱ በራሱ አደራደር። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሲሰጥ ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ። በድሮው ፎንት የተጻፉት ሰነዶች ግን ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ ፒዲኤፍ እንምጣ። አዶቤ ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ የፋይል ዓይነት ነው። ከዎርድ የሚለየው የተሠራውን ገጽ መያዙ ነው፦ ይህ ፊደል እዚህ ነጥብ ላይ፣ ያኛው እዚያ። በሥርዓቱ ከተዘጋጀ ፎንቱንም በሆዱ ይዞ ይሄዳል። ለኪራይ ውላችን ትክክለኛው መልስ እሱ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ አንድ ገጽ ከነበረ ፎቶ ኮፒ ቤትም አንድ ገጽ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉንም ሰነድ እንደ ውል ስናይ ነው። ለተማሪ የተዘጋጀ የባዮሎጂ ማስታወሻን ውሰዱ። በኤ4 ተዘጋጅቶ ፒዲኤፍ ሆነ፤ ዲክሲስ ያለችው ተማሪ የምታነበው ግን በስልኳ ነው። የስልኩ ስክሪን ስፋት 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የገጹ ስፋት 210። ገጹ ሦስት እጥፍ ሲያንስ 12 ነጥብ የነበረው ፊደል 4 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ታጎላዋለች፤ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ለማንበብ ገጹን በጣቷ ወደ ግራና ቀኝ ስትጎትት ትውላለች። ቅርጹ አልተለወጠም፤ ንባቡ ግን ሞተ።

ሁለተኛው ችግር አይታይም። በድሮው ፎንት የተጻፈ ሰነድ ፒዲኤፍ ሲሆን አማርኛው ያምራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት፤ የሚወጣው ያው የላቲን ድብልቅ ነው። ፍለጋ አያገኘውም። ዓይነ ስውር ተማሪ በስክሪን አንባቢ ልስማው ቢል የሚሰማው አማርኛ አይደለም። መልኩን ያዳንን መስሎን ጽሑፉን አጥተነዋል።

ታዲያ ሳይለወጥ መቆየት ያለበት ምንድን ነው? የእኔ መልስ መዋቅሩ ነው የሚል ነው፦ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው፣ እነዚህ ሁለት ነገሮች አይለያዩም የሚለው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የዳዊት መዝሙር በብራና ሲጻፍ አንዱ ስንኝ አንድ መስመር ይይዛል። ስንኙ ከረዘመስ? ጸሐፊው ትርፉን ወደ ቀጣዩ መስመር አውርዶ የሚቀጥለውን ስንኝ አይገፋም፤ ከመስመሩ መጨረሻ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ በጥቂቱ ይጽፈዋል። ሥርዓቱ «አንድ ስንኝ፣ አንድ መስመር» ነው፤ ፊደሉ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ብራናው ስፋት ይለያያል።

ኮምፒውተር ላይም ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዶናልድ ክኑት በ1970ዎቹ መጨረሻ ቴክ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ጽሑፉን ከማተሚያ ማሽኑ ነጥሎ ነበር። ድረ ገጾችም ከ1996 ጀምሮ ሲኤስኤስ በሚባል ቋንቋ ይዘቱን ከመልኩ ለይተው ይይዛሉ፤ አንዱ ጽሑፍ ለስልክ በአንድ መልክ፣ ለወረቀት በሌላ ይወጣል።

እኛ ግን ሰነዶቻችንን የምንሠራው በስፔስ ነው። ርዕሱን መሃል ለማድረግ ሠላሳ ጊዜ ስፔስ፣ አዲስ ገጽ ለመጀመር አሥራ አምስት ጊዜ ኢንተር። ይህ መዋቅር አይደለም፤ በዚያ ማሽን ላይ ብቻ የሚሠራ ግምት ነው። አራት ነጥብ ለመጻፍ «፡፡» እያልን ሁለት ሁለት ነጥብ እንደረድራለን፤ ለማሽኑ ከ«።» ጋር አንድ አይደለም። ከአራት ነጥቡ በፊት ስፔስ ስናስገባ ደግሞ ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይወርዳል። ፒዲኤፍ ይህን ሁሉ አያስተካክልም፤ እንዳለ ያደርቀዋል እንጂ።

ምክሩን እንዲህ ብናሟላውስ? ርዕሱን «ሄዲንግ» በሉት። ለአዲስ ገጽ «ፔጅ ብሬክ» ተጠቀሙ። የውሉ የመጨረሻ አንቀጽና ፊርማው እንዳይለያዩ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» የሚለውን ምረጡ፤ ያኔ ገጽ ቢያልፍ እንኳ አብረው ያልፋሉ። በዩኒኮድ ጻፉ። ከዚያ ለሚፈረምበትና ለሚታተመው ፒዲኤፍ ላኩ፤ በስልክ ለሚነበበው ግን እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚታጠፍ ድረ ገጽ ወይም ኢፐብ።

ሰነዳችሁ መዋቅር እንዳለው ማወቅ ከፈለጋችሁ ከመላካችሁ በፊት በቅጂው ላይ ይህን ሞክሩ፦ ፎንቱን በሌላ የግዕዝ ፎንት ቀይሩ፣ ወረቀቱን ከኤ4 ወደ ሌተር አድርጉ። መስመሮቹ ቢንሸራተቱ ችግር የለውም። ርዕሱ ከመሃል ከሸሸ፣ ሠንጠረዡ ከተዘበራረቀ፣ ፊርማው ከውሉ ከተለየ ግን ገና አላለቀም።