የስልክ ፎቶግራፍና የካሜራ ፎቶግራፍ፦ አጭር ሂስ

በሠፈራችን «ስልክ እያለ ካሜራ ለምን?» የሚለው ክርክር አልበረደም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን በሥራው መመዘን አለበት።

በመጀመሪያ ለስልክ የሚገባውን እንስጥ። ስልክ ከእጅ አይለይም። ክርስትናውንም፣ ሠርጉንም፣ የቡናውን ጨዋታም በድንገት ያነሣል። ማታ በደካማ ብርሃን እንኳ ብዙ ምስሎችን በቅጽበት አንሥቶ በማዋሐድ ደኅና ፎቶግራፍ ይሰጣል። ለዕለት ኑሮ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በሰው ፊት ላይ ነው። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ፣ ሰው በቅርብ ሲነሣ አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ይሸሻል። ብዙ ሰው አብሮ ሲነሣም ዳር የቆሙት ያለ ልካቸው ይወፍራሉ። በጣት ማጉላትም መቅረብ አይደለም፤ ከምስሉ ቆርጦ ማስፋት ነው። አንዳንድ ውድ ስልኮች ለዚህ ሌላ ሌንስ አላቸው፤ በእጃችን ያሉት አብዛኞቹ ግን የላቸውም። 85 ሚሊሜትር ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ ፈንጠር ብሎ ፊትን በልኩ ያነሣል። የስልኩ ማሳመሪያማ ይብሳል፦ የእናትን የተሸበሸበ ፊት ሲያለሰልስ የኖረችውን ዘመን ይፍቀዋል።

ካሜራም ነቀፌታ አያጣውም። ውድ ነው፣ አቧራ ይፈራል፣ ዓይን ይስባል። በጁባ ደግሞ በአደባባይ ፎቶግራፍ ማንሣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድልድይና የጦር ሠፈር ማንሣት ሊያሳስር ይችላል። «ስልክ ነው» ማለትም አያድንም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ምስል ያህል ስለነበረው፣ ሰው አስቦ ያነሣ፣ ያነሣውንም ያሳጥብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የፎቶግራፍ መጽሐፍ ሊሰበሰብ የቻለው ቤተሰቦች የታጠበውን ፎቶግራፍ በየቤታቸው ስላቆዩ ነው። የእኛ ሺህ ምስል ግን ያለው በአንድ ስልክ ሆድ ውስጥ ነው። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ሺሁም አብሮ ይሄዳል። በዚህ በኩል የዛሬው ዲጂታል ካሜራም ከስልክ አይሻልም። አልበሙን ከቤቱ ጥሎ ለወጣ ስደተኛ ይህ ሁለተኛ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ ለዕለቱ ስልክ ይበቃል፤ ለሚቀረው ግን ወረቀት ያስፈልገናል። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ከመቶው አንዷን መርጣችሁ አሳትሙ፤ ከጀርባዋም ስምና ቀን ጻፉባት። ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከሃያ ዓመት በኋላ የማንም አይደለም።