የአረጋውያን መጦሪያና የመተንፈሻ ወረርሽኝ፤ ስለ አንድ መመሪያ የቀረበ ትችት

የዓለም የጤና ድርጅት በመጋቢት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ለመጦሪያ ቤቶች ያወጣውን የኮቪድ 19 መመሪያ አንብበን፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉት ለሰበታ፥ ለቡራዩና ለሱሉልታ አረጋውያን ምን ያህል ይስማማል ብለን ልንመረምረው ወደድን። በሽታው በአገራችን መግባቱ የተረጋገጠው ከዚያ 8 ቀን ቀደም ብሎ ስለ ነበር፥ መመሪያው ዘገየ ተብሎ አይነቀፍም።

ቃሉ ግልጥ ነው። ጠያቂ ይቀነስ፤ ተጧሪዎች ቢያንስ 1 ሜትር ይራራቁ፤ ትኩሳትና ሳል በቀን ሁለት ጊዜ ይታይ፤ የታመመ ለብቻው ክፍል ይግባ፤ ክፍል ከታጣም የተጠረጠረው በሽታው ከተረጋገጠበት ጋር አይደባለቅ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ለሚያጥረው አገር የሚረባ ብልህ ምክር ነው።

ነቀፌታችን የሚጀምረው ከጠያቂው ላይ ነው። በአውሮፓ መጦሪያ ቤት ጠያቂ ቢቀር ናፍቆት እንጂ ረኀብ አይሆንም። በእኛ ዘንድ ግን ጠያቂው ቀላቢም ነው። በአዲስ አበባ የመቄዶንያን ማእከል የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፥ ሠርጉን ወይም ልደቱን ከአረጋውያኑ ጋር ለማክበር ምግብ አሠርቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። በሩ ሲዘጋበት ሌማቱም አብሮ ይመለሳል። እንግዲህ ምግቡን ከደጅ ተቀብለን ሰውየውን እንሸኘው? አረጋዊው የሚፈልገው እንጀራውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚበላውንም ነውና፥ እኛ በግቢው ውስጥ፥ በዛፍ ጥላ ሥር፥ ራቅ ራቅ ብለው ቢቀመጡ እንመርጣለን።

ደግሞም በነዚህ ከተሞች አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በልጁ ቤት ነው። ልጅቱ ጠዋት በጂማ መንገድ ከሰበታ፥ ወይም በአምቦ መንገድ ከቡራዩ፥ በታክሲ ተጨናንቃ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ማታ እናቷ ወደ ተኙበት ክፍል ትመለሳለች። ጠያቂ አይደለችምና የጠያቂ ደንብ አይይዛትም። ለብቻ ክፍል የሚለውም ቃል ባለ አንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ሰው ቀልድ ይመስላል።

ለእንዲህ ያለው ቤት የሚቀረው መከላከያ ጭምብልና አየር ነው። ቫይረሱ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ተንሳፍፎ እንደሚተላለፍ በኋላ በሰፊው ታምኗል። ነገር ግን በታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ምን እንደሚባል የማያውቅ ማነው? ከእንጦጦ ባሻገር በሱሉልታ ሜዳ፥ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፥ አያት የተኙበት ቤት በሩ ተዘግቶ ከሰል ይቀጣጠልበታል። እንዲህ ሲሆን ለቫይረሱ የከሰል መርዝ ይጨመርለታል። «ነፋስ ይመታቸዋል» የሚለውን ፍርሃት ሳይነካ የሚያልፍ መመሪያ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለ ወረርሽኝ ያለን ትዝታም ያሳስተናል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ በዓለም ሁሉ ወጣቶችንና ጎልማሶችን አብዝቶ ሲገድል፥ ኮቪድ የበረታው በአረጋውያን ላይ ነው፤ ወይዘሮ አበበች ጎበና በሰኔ 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ያረፉት በዚሁ በሽታ ነው። እኛ ግን በያመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እናጤሳለን፤ ጢሱ ለአረጋዊ ሳንባ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ አረጋዊ ያለበትን ቤት ሊመዘግቡ፥ ማን ወጥቶ እንደሚገባ ሊጠይቁ፥ መስኮቱም ይከፈት እንደ ሆነ ሊያዩ ይችላሉ። ይህም አዲስ ክፍል ከመሥራት ይረክሳል።