ብቻን የሚጀመር አምልኮ፦ ዊካ፣ ዛርና ግንቦት ልደታ ከቂሊንጦ ሲታዩ

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ማረሚያ ቤቱን ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ለሚኖረው ግን ቂሊንጦ የኮንዶሚኒየም፣ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክና የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ነው፤ የቅርብ ጊዜ የእርሻ መሬት። ዕጣ ወጥቶለት ከመሀል ከተማ የመጣው ነዋሪ ከበላዩና ከበታቹ የሚኖረውን ሰው አያውቅም፤ ከሕንፃው በፊት እዚያ ቦታ ምን ዛፍ እንደነበረ፣ ማን ምን ይለማመንበት እንደነበረም የሚነግረው የለም። እንዲህ ያለ ሰው በግሉ መንፈሳዊ ልምምድ ልጀምር ቢል ከምን ይነሳል?

ለዚህ ጥያቄ ከምዕራቡ ዓለም ከተሰጡት መልሶች አንዱ በጥንቆላ ስም የሚጠራው ሃይማኖት፣ ዊካ ነው። ራሱን የጥንት ሃይማኖት ወራሽ አድርጎ ማቅረብ ቢወድም ዕድሜው አጭር ነው። እንግሊዝ የ1735ቱን የጥንቆላ ሕግ በ1951 እ.ኤ.አ. ሻረች፤ ከ3 ዓመት በኋላ ጄራልድ ጋርድነር ንቅናቄውን ያስተዋወቀውን መጽሐፉን አሳተመ። የታሪክ ምሁሩ ሮናልድ ኸተን በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሃይማኖቱ የዘመናዊት እንግሊዝ ልጅ መሆኑን አስረድቷል። በጋርድነር ዘንድ መግቢያው ማኅበር ነበር፤ አዲሱን የሚያስገባው ነባሩ ነው። አሜሪካዊው ስኮት ከኒንግሃም ግን በ1988 እ.ኤ.አ. ለብቸኛ ተለማማጅ በጻፈው መመሪያ ይህን በር ከፈተው። ሻማ፣ ዕጣን፣ ጨውና ውሃ ይዞ፣ ጨረቃን እየተከተለ፣ ማንም ሰው ራሱን በራሱ ሊያስገባ ይችላል። ከዚህ ወዲህ ለመጀመር የሚያስፈልገው ፈቃድ የራስ ፈቃድ ብቻ ሆነ።

የእኛ ዛር የዚህ ተቃራኒ ነው። ዛር ልጀምር ብሎ የሚጀምር የለም፤ ሕመም ይቀድማል። ታማሚዋ ወደ ታወቀች ባለዛር ትወሰዳለች፤ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል። የሰፈረባት ዛር ጉሪ (የዛሩን መንቀጥቀጥ) እያስወረዳት ስሙን እስኪናገር ይለመናል። ስሙ ሲታወቅ ግብሩ ይታወቃል፦ የዶሮው ቀለም፣ ሽቶው፣ ልብሱ። ታማሚዋ ፈረስ ናት፤ ጋላቢው ዛሩ ነው። ብዙ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳልና አገር መልቀቅ አያስመልጥም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የጎንደሯን ባለዛር የመልካም አየሁን ቤት ለወራት ሲመላለስበት ከቆየ በኋላ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ዛርን በቲያትር መነጽር አይቶታል። መነጽሩ ብዙ ያሳያል፤ በእኔ ግምት ግን ዕዳውን አያሳይም። ተዋናይ ልብሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባለዛር ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ግብር ይጠበቅባታል፤ ብታስታጉል ሕመሙ ይመለሳል ተብሎ ይታመናል።

በእኛ ዘንድ ለግል ጅማሬ የሚቀርበው ስለት ነው። ሰው በጭንቁ ሰዓት ብቻውን ይሳላል፤ ማንም ሳይሰማው። ሲሰምርለት ግን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወርዶ በሕዝብ መሀል ያገባል። አጀማመሩ የግል ቢሆንም አፈጻጸሙ የአደባባይ ነው።

ወደ ዊካ ስንመለስ ደግሞ ዘመን አቆጣጠሩ ለእኛ አገር አይመችም። በዓመት 8 በዓላት አሉት፤ አራቱ የፀሐይን ዑደት ይከተላሉ። ለንደን ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ በ9 ሰዓት ገደማ ስለሚበልጥ ረጅሙን ሌሊት በእሳት ማክበር ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እዚህ ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ነው። ከቂሊንጦ አጠገብ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በፈጣኑ መንገድ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ ሰው ከመስቀል በኋላ በሚመጣው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ የኢሬቻን ሕዝብ ያገኛል፤ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን ላሳለፈው ዋቃ ምስጋና የሚያቀርብ ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ የተሻለውን መልስ የማገኘው ከዊካም ከዛርም ሳይሆን ከግንቦት ልደታ ነው። ግንቦት 1 ቀን የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው፤ የእመቤታችን ልደት። በመንደር ግን የአድባር፣ የቦታው ጠባቂ መንፈስ፣ ቀንም ነው። ጎረቤት ገንዘብና እህል ያዋጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ዛፍ ሥር ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላል። ሽማግሌ ይመርቃል፤ የሚበላው ደጅ ነው፣ በብዙ ቦታም የተረፈው ወደ ቤት አይገባም። ዛፉን ቅቤ መቀባቱን መምህራን ሲያወግዙት ኖረዋል፤ መሰባሰቡ ግን ቀጥሏል። የአውሮፓውያኑ የሜይ ወር የእሳት በዓል፣ ቤልቴን፣ ከዚህ በ8 ቀን ብቻ የሚቀድም መሆኑ ዝምድና ፈላጊውን ያጓጓ ይሆናል፤ እኔ ከአጋጣሚ አላሳልፈውም። ያኛው የበጋ መግቢያ ነው፤ የእኛው ክረምቱ ደጅ ሲደርስ የሚደረግ ልመና ነው።

አድባር እንደ ዛር ከሰው ጋር አይሰደድም፤ የቦታ ነው። በዚህ ሚዛን የኮንዶሚኒየም ነዋሪ አድባር አልባ ነው ማለት ነበረብን። ነገር ግን የከተማ ሰው ዋርካ ባያገኝ በሁለት ብሎክ መካከል፣ መኪና በሚቆምበት ሲሚንቶ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዞ ንፍሮውን ያወርዳል። ቦታውን አድባር የሚያደርገው መዋጮው ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ከኒንግሃም ለብቸኛው ሰው ምርጫን ሰጠው፤ ዕዳ ጠያቂ ግን አልሰጠውም። ዛር ዕዳ ጠያቂውን ይሰጣል፤ ምርጫውን ይነሳል። የግንቦት ልደታ አዋጪ ግን በፈቃዱ ገብቶ በዓመቱ ጎረቤት በሩን ያንኳኳበታል።

የዛር ጥናት ከጎንደር ብዙ አትርፏል። አሁን የባህል ተመራማሪዎች ግንቦት 1 ቀን ወደ ቂሊንጦና ወደ መሰሎቹ የጋራ መኖሪያ ግቢዎች ወርደው ማን መዋጮ እንደሚሰበስብ፣ ማን እንደሚመርቅ፣ ማንስ በሩን ዘግቶ እንደሚቀር ይመዝግቡልን።