«ረክተዋል?» የሚለው ጥያቄና የሕመምተኛው መልስ

የነርስ እንክብካቤን ጥራት ሕመምተኛው ራሱ እንዲመዝነው ማድረግ ተገቢ ነው። ሌሊቱ እንዴት እንደ ነጋ፣ ማን እንደ ቀረበው፣ ማንስ እንዳለፈው ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለም። ትችታችን የሚያተኩረው ይህን ምስክርነት በምንቀበልበት መንገድ ላይ ነው።

በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች በተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ያገለገለው «የኒውካስል የነርስ አገልግሎት እርካታ መለኪያ» በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀ ነው። በ26 ጥያቄዎች የሕመምተኛውን ገጠመኝ፣ በ19 ጥያቄዎች ደግሞ እርካታውን ይለካል። እርካታን በጥቅሉ ከመጠየቅ ይልቅ በመረጃ አሰጣጥ፣ በገመና አጠባበቅና ሲጠሩ ፈጥኖ በመድረስ ከፋፍሎ ማየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ለጎንደርና ለአካባቢው ሕመምተኛ ሲቀርብ ሦስት ነገሮች ያመልጡታል።

የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ደጋ በቃሬዛ ወርዶ፣ ከመኪና መንገድ ደርሶ ጎንደር የገባ ገበሬ ድኖ ሊወጣ ሲል «ረክተዋል?» ቢባል፣ «ተመስገን፣ እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት ሌላ ምን ይጠበቃል? ይህ ስለ መትረፉ የቀረበ ምስጋና እንጂ በነርሶች ሥራ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ጠያቂው ነጭ ጋዋን የለበሰ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ነገ ሊመለስበት የሚችለውን ደጅ በቅሬታ መዝጋት አይፈልግም።

ሁለተኛው አስታማሚ ነው። በመኝታ ክፍሎቻችን ሕመምተኛውን የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበውና ነርስ ለመጥራት የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ ቤተ ዘመድ ነው። መጠይቁ ነርስ ሲጠሩ ምን ያህል ፈጥና እንደ ደረሰች ይጠይቃል፤ ሮጦ የሚጠራ ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ ግን እንዴት እንደሚጠራ አይጠይቅም። ስለዚህ ለነርሷ የተመዘገበው ውጤት ከፊሉ የእኅቱ ወይም የልጁ ድካም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አጠራር ነው። በጎንደር አዛውንትን «አንቱ» ማለት የቆየ የአክብሮት ወግ ነው። «አንተ፣ ተነሥ» የተባለ አባት መርፌው በሰዓቱ ቢወጋም ክብሩ ተነክቷል። መጠይቁ ስለ ነርሶች አቀራረብ በጥቅሉ ስለሚጠይቅ ይህ ቁስል በቁጥሩ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ዐቢይ አጀንዳው አድርጎ ነበር። አክብሮት መኖሩ የሚታወቀው ግን ሕመምተኛው በሚሰማው ቃል ነው።

ለእርማቱ ሩቅ መሄድ አያሻም። በደምቢያ ብዙ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ሕዝቡ ወዳለበት ያሰማራ ነበር። የእርካታ ጥናትም ይህንኑ ፈለግ ቢከተል ይበጃል። ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ባልሆነ ሰው ይጠየቅ። ጥያቄውም «ረክተዋል?» መሆኑ ቀርቶ «ሌሊት ሕመሙ ሲጸናብዎ ማን መጣ? ምንስ አደረገልዎ?» ይሁን። አስታማሚውም የድርሻውን ይናገር። ውጤቱ በዚያ ሌሊት አንዲት ነርስ ስንት ሕመምተኛ ይዛ እንደ ነበረች ከሚያሳየው መዝገብ ጋር አብሮ ይነበብ፤ አለዚያ የሰው ኃይል እጥረት በነርሷ ጠባይ ይሳበባል።

ከፍተኛ የእርካታ ቁጥር ሲደርሰን ደስ ከመሰኘታችን በፊት ቁጥሩ ምስጋና ይሁን ምስክርነት እንለይ። ሕመሙን ችሎ ያደረ ሰውም ጠዋት «ተመስገን» ይላልና።