ውርዝልያ ምን አለች? ክታብን እንደ ትረካ ስለ ማንበብ

በአገራችን ጠንቋይና መድኃኒት አዋቂ ስለ መሳደዱ በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434-1468) ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚመሰክር ጽሑፍ በግንባሩና በእጆቹ ላይ እንዲያደርግ አዘዋል። ደስክና ዲኖን ያመልካሉ ተብለው ከተከሰሱትና ከተቀጡት መካከል የገዛ ልጆቻቸው ነበሩበት። በስማቸው የሚታወቀው መጽሐፈ ብርሃንም አስማተኛን አጥብቆ ያወግዛል። የንጉሡ አጽም ዛሬ ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስባት በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በዚያው በጣና ዳርቻ ደግሞ እሳቸው ሊያጠፉት የተነሡት የደብተራ ክታብ ዘመናትን ተሻግሮ ሲጻፍ ኖሯል።

ይህ ተቃርኖ ብዙዎቻችንን ወደ አንድ ቀላል ንባብ መርቶናል፤ ንጉሡ አሳዳጅ፣ ደብተራው ተሳዳጅ። በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም ይህ አተያይ ይደጋገማል። እኔ ግን ክታቡን ገልጠን ካነበብነው ነገሩ እንዲህ የሚጸና አይመስለኝም። ችግሩ ክታብን አለማንበባችን ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን ያያል፣ የታሪክ ሰው ብራናውን ይመረምራል፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ግን ትረካውን «አስማት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በክታቦች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘውን የሱስንዮስን ጸሎት እንውሰድ (ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እንዳይምታታ)። የትልሙ አጥንት አጭር ነው። የሱስንዮስን ሕፃን ውርዝልያ ትገድላለች። አባት ጦሩን ይዞ በፈረስ ይወጣል፤ አንዲት አሮጊት የሄደችበትን ትጠቁመዋለች፤ ጸልዮ ይወጋታል። እሷም ስሙ ወደሚገኝበት ስፍራ እንደማትደርስ ትምላለች። እኅቱ ናት የሚሉም ቅጂዎች አሉ። እንግዲህ በዚህ ትረካ ከሳሹ፣ ፈራጁና ቀጪው አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሆን፣ ጠቋሚዋ ጎረቤት መሳይ አሮጊት ናት። ለክርክር ቦታ የለም። ባነበብኋቸው ቅጂዎች ውርዝልያ ቁም ነገር የምትናገረው ጦሩ ጎኗን ከወጋ በኋላ ነው፤ የምትናገረውም መሐላ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ የክታቡ ፈዋሽነት የቆመው በዚህች መሐላ ላይ ነው። ብራናው በበሽተኛው ቁመት ልክ ይዘጋጃል፣ ስሙም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ የሚጠብቀው ግን የሌላዋ ኑዛዜ ነው።

ይኸው ቅርጽ ከብራናው ውጭም ይሠራል። ቡዳ በላው የተባለ ሰው ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት እያሸተቱት «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሲለፈልፍ የሚጠራው ስም የሰው ስም ነው። በጎጃምና በጎንደር ይህ ስም ብዙ ጊዜ የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ ወይም የሸማኔ ሆኖ ይገኛል። ክታቡም ከዛርና ከባርያ ጎን አንጥረኛውን ይዘረዝራል። «ጠቢብ» የሚለው ቃል ምሁሩንም፣ በቡዳነት የሚጠረጠረውን ባለ እጅም መጥራቱ የሚያሳዝን ምፀት ነው። ደብተራውና አንጥረኛው ሁለቱም አዋቂ ናቸው፤ ብዕር የያዘው አንደኛው ነው።

በ1480ዎቹ በጀርመን የታተመው «የጠንቋዮች መዶሻ» የተሰኘው መጽሐፍ ተከሳሽን በማሠቃየት ማናዘዝን ያስተምራል። የአውሮፓ ችሎቶች በዚህ ዐይነት የተገኙ ኑዛዜዎችን መዝግበው ስላቆዩ የዛሬው ተመራማሪ በመዝገቡ ውስጥ የተከሳሿን ድምፅ ይፈልጋል። የእኛ ልፍለፋ የሚካሄደው በቤት ውስጥ ነው፤ የተጠራው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ የለም፤ የሚጽፍለትም የለም።

ስለዚህ ንጉሡንና ደብተራውን ጠላት ብቻ አድርጎ ማስተማር ጎዶሎ ነው። የንጉሡ አዋጅ በሰው ገላ ላይ የሚያኖረው ቃልና ደብተራው በሰው አንገት ላይ የሚያንጠለጥለው ቃል የአንድ ሰዋስው ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ክፉውን በስም ጠርተው፣ አስምለው ያባርራሉ። በደብተራው ላይ የደረሰውን ግፍ ይህ አያቀልለውም። ዜና መዋዕሉ እንኳ ከሳሾቹን በክፋት ያነሣቸዋል። ክታቡ ግን በራሱ ከሳሽነት ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አያሳይም።

በጎንደር አጠገብ በወለቃና በጣና ሰሜን በደምቢያ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ ከኖሩት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ቡዳ ናችሁ እየተባሉ ያሳለፉትን በራሳቸው አፍ የሚተርኩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሁን እዚያ ይገኛሉ። በእኛ ክፍል የክታብ ጥናት ሲታቀድ ከብራናው ጋር መነበብ ያለበት የእነዚህ ሰዎች ትረካ ነው።