ባቡርም አውቶቡስም፦ የሲልቨር ስፕሪንግ መናኸሪያ ሲመዘን

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አበሻ ይህን መናኸሪያ አሳምሮ ያውቀዋል። እኔም ከተሳፋሪነት አልፌ እንደ አንድ የሕንጻ ሥራ ልመዝነው ፈለግሁ።

የባቡር ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1978 ነው። ከዋሽንግተን የተነሳው ሜትሮ መጀመሪያ የሜሪላንድን ምድር የረገጠው እዚህ ነበር። በ1990 የሜትሮው ቀይ መስመር ወደ ፎረስት ግሌንና ዊተን እስኪቀጥል ድረስ የመስመሩ መዳረሻ ይኸው ጣቢያ ስለነበር፣ የአካባቢው አውቶቡስም ወደዚሁ ይጎርፍ ነበር።

በሴናተር ፖል ሳርቤንስ ስም የተሰየመው ባለሦስት ፎቅ መናኸሪያ የተወለደው ከዚህ ጭንቅንቅ ነው። በ2008 ተጀምሮ በ2011 ያልቃል ተብሎ ነበር፤ በሩ የተከፈተው ግን በመስከረም 2015፣ አዲስ አበባም ቀላል ባቡሯን ባስጀመረችበት ወር ነው። ያዘገየው አርማታው ነበር፦ ወለሉ ቦታ ቦታው ላይ ከንድፉ ቀጥኖ ተገኘ፣ ተሰነጠቀ፣ እንደገና ተጠገነ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፈሰሰበት ሥራ ይህ ይቅር የሚባል ስህተት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተሳፋሪው በየጎዳናው ዳር ቆሞ ዝናብና በረዶ ተቀብሏል፤ የመዘግየቱን ዋጋ የከፈለው እሱ ነው።

ንድፉን ግን አደንቃለሁ። ሁለቱን ፎቆች ለአውቶቡስ፣ የላይኛውን ለታክሲና ሰው ለሚያደርስ መኪና መስጠት ብልህነት ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ያን ሁሉ ተሽከርካሪ ሳይጠላለፍ ያስተናግዳል። የሚጎድለው ለሰው ያለው አሳቢነት ነው። ጎኑ ክፍት በመሆኑ የጥር ንፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

አንድ ማለዳ ነጠላ የለበሱ እናት ከባቡር ወርደው ግራ ተጋብተው አየኋቸው። የአውቶቡሱን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይሄኛው ከየትኛው ፎቅ ነው የሚነሳው?»

«ከላይ ነው እማማ፣ ይምጡ አብረን እንውጣ።»

ደረጃውን ስንጨርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ቁጥሩም ፎቁም ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ እሳቸው በሚያነቡት ፊደል ግን አይደለም።

አሁን ደግሞ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል የሚዘረጋው ፐርፕል ላይን የተባለው የባቡር መስመር በዚሁ ጣቢያ እንዲያልፍ እየተሠራ ነው። ተጨማሪ መሳፈሪያ፣ ተጨማሪ ደረጃ ይመጣል። የአካባቢው ካውንቲ ለነዋሪው መረጃ በአማርኛ ማሳተም ያውቅበታል፤ የመጀመሪያው ባቡር ከመምጣቱ በፊት ያንኑ ፊደል ሰሌዳው ላይ ያስፍርልን።